ባርቤዶስና «የቅኝ አገዛዝ በረከት»፦ ለቀረበው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባርቤዶስን አብነት አድርጎ የቅኝ አገዛዝን በረከት የሚያወሳ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ አንባቢ አግኝቷል። የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ የሚከተለው ነው፦ እንግሊዞች በዚያች ትንሽ የካሪቢያን ደሴት ሕግን፣ ምክር ቤትንና ትምህርት ቤትን ተክለው ሄደዋል፤ የሸንኮራ አገዳ እርሻው ኑሮ ከባድ ቢሆንም በዘመኑ ከነበረው ከማንኛውም ጭሰኛ ኑሮ የከፋ አልነበረም፤ አየርላንዳውያንም እንደ አፍሪካውያኑ በባርነት ተገዝተዋል፤ ባርነትን ያስቀረችው ራሷ እንግሊዝ ናት፤ ስለዚህ ዛሬ ዘውዱን አውርዶ ካሳ መጠየቅ ውለታ ቢስነት ነው። መደምደሚያቸውም ኢትዮጵያ ቅኝ ባለመገዛቷ ብዙ ቀርቶባታል የሚል ነው። ጸሐፊው በጨዋ አንደበት ስለጻፉ እኔም በዚያው አንደበት፣ ነጥብ በነጥብ ልመልስላቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከምክር ቤቱ ልጀምር፤ የጽሑፉ ዋና ምሰሶ እርሱ ነውና። የባርቤዶስ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በ1639 መመሥረቱ እውነት ነው። የመጀመሪያዎቹ እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች ዛሬ ሆልታውን በሚባለው ስፍራ ያረፉት በ1627 ስለሆነ፣ ምክር ቤቱ የቆመው ሰፈራው ገና ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው። በእንግሊዝ የባሕር ማዶ ግዛቶችም ከቨርጂኒያና ከቤርሙዳ ቀጥሎ በዕድሜ ሦስተኛው ነው። ጸሐፊው ያላነሡት ጥያቄ ይህ ምክር ቤት ምን ዓይነት ሕግ ያወጣ እንደነበር ነው። መሬት ያላቸው ነጭ ወንዶች ብቻ የሚመርጡት ይህ ጉባኤ በ1661 ስለ አፍሪካውያን ባሮች አያያዝ አዋጅ አወጣ። የአዋጁ መግቢያ ሰዎቹን አረመኔ፣ አውሬ መሰልና አደገኛ ሕዝብ ይላቸዋል። በዝርዝሩ እንደተደነገገው አንድ ባሪያ በቅጣት ላይ ሳለ ቢሞት ጌታው አይጠየቅም። ጌታው ያለ ምንም ምክንያት፣ ከጭካኔ ብቻ ተነሥቶ የራሱን ባሪያ ሆን ብሎ ቢገድል ደግሞ ቅጣቱ ሦስት ሺህ ፓውንድ፣ ማለትም 1,360 ኪሎ ግራም ያህል ጥሬ ስኳር ነበር። ስኳሩም የሚገባው ለግምጃ ቤቱ ነው፤ የሟች ቤተሰብ በዚያ ሕግ ፊት የሚታወቅ ነገር አልነበረም።

ይህ አዋጅ የዚያ ምክር ቤት እጅግ የተሳካለት ሥራ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጃማይካ በ1664 ቀዳችው፤ ከባርቤዶስ በሄዱ ሰዎች የተመሠረተችው ሳውዝ ካሮላይናና ጎረቤቲቱ አንቲጓም ኋላ ላይ ተከተሉ። በስኳር የተተመነው ቅጣት ከጊዜ በኋላ በአሥራ አምስት ፓውንድ ገንዘብ ቢተካም፣ በባርቤዶስ ባሪያን ሆን ብሎ መግደል በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል የሆነው በ1805 ነው። ያም የሆነው ከለንደን የተሾመው ገዥ ሎርድ ሲፎርዝ ከዚሁ ምክር ቤት ጋር ብዙ ከተሟገተ በኋላ ነበር። እንግዲህ ጸሐፊው «ለዓለም የተረፈ ሥርዓት» ሲሉ የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ ቢያብራሩልን መልካም ነበር። ምክር ቤቱ ዛሬ የሕዝብ መሆኑን አልክድም፤ እንዴት የሕዝብ እንደሆነ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ የእርሻው ኑሮ ነው። ጸሐፊው የደሴቲቱን ሠራተኛ ከእኛ አገር ጭሰኛ ጋር ያስተያያሉ። የጭሰኛን መከራ ማንም አያቃልለውም፤ ሆኖም ጭሰኛ ከምርቱ ሲሶም ሆነ እኩሌታ ቢነጠቅ የቀረው የራሱ ነበር፤ ልጁም በባለርስቱ የንብረት መዝገብ ላይ ከበሬው ቀጥሎ ዋጋ ተጽፎለት አይሸጥም ነበር። ከጭሰኛው ይልቅ ለንጽጽር የሚቀርበው በገዛ አገራችን የነበረው ባርነት ነው፤ በሕግ የተሻረው በ1942 መሆኑን ስናስታውስ ስለ ሌሎች ስንናገር ትሕትና ሊሰማን ይገባል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በ1640ዎቹ የስኳር አመራረት ዕውቀት ከብራዚል፣ በዚያን ጊዜ ሆላንዳውያን ከያዙት ከፔርናምቡኮ፣ ወደ ባርቤዶስ ገባና ትንባሆና ጥጥ ይበቅልበት የነበረው መሬት በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ በአገዳ ተሸፈነ። በየእርሻው በባርነት የተያዙት ሰዎች እንደ አቅማቸው በቡድን ይከፈሉ ነበር። ጠንካሮቹ ወንዶችና ሴቶች በመጀመሪያው ቡድን ተሰልፈው መሬቱን በዶማ ብቻ እየቆፈሩ የአገዳ ጉድጓድ ያወጣሉ፤ በሬና ማረሻ እያለ ማለቴ ነው። ፍግ በቅርጫት በራሳቸው ተሸክመው ወደ ጉድጓዶቹ ያጓጉዛሉ። አምስትና ስድስት ዓመት የሞላቸው ሕፃናት ሦስተኛው ቡድን ሆነው አረም ይለቅማሉ፣ ለከብቶች ሣር ያጭዳሉ። የተቆረጠ አገዳ ሳይጨመቅ ካደረ ጭማቂው ስለሚቦካ በመከር ወራት ወፍጮውና የማፍያ ቤቱ ሌሊትም አይቆሙም። ቀን ማሳ ላይ የዋለው ሰው በተራው ሌሊቱን አገዳ ለወፍጮው ያጎርሳል፣ ወይም ከትልቁ የመዳብ ጋን ወደ ትንሹ እየቀዳ የፈላውን ጭማቂ ያሻግራል። በካሪቢያን ወፍጮዎች አጠገብ ስለት ያለው መጥረቢያ ይቀመጥ ነበር፤ እንቅልፍ አሸንፎት እጁ ከአገዳው ጋር ወደ መጭመቂያው የተሳበበትን ሰው ክንዱን ቆርጦ ነፍሱን ለማትረፍ ነው። ዛሬ ቱሪስቶች የሚጎበኙት በሰሜን ምሥራቅ ባርቤዶስ የሚገኘው የሞርጋን ሉዊስ የነፋስ ወፍጮ በእርግጥ ያማረ ሕንፃ ነው። የዚህን ማሽን አሠራር የሚገልጽ ጽሑፍ ግን መጥረቢያውን መዝለል አይገባውም ነበር።

«ጌታ ንብረቱን ይንከባከባል» የሚለውን ክርክር ለመመዘን የጽሑፍ ምስክር እንኳ አያስፈልግም፤ አጥንት አለ። በክራይስት ቸርች ወረዳ በኒውተን እርሻ ውስጥ በባርነት የኖሩ ሰዎች የተቀበሩበት ሜዳ ይገኛል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች ከፊሉን ቆፍረው የመቶ ያህል ሰዎችን ዐፅም አጥንተዋል። በጥርሶቻቸው ላይ በሕፃንነት፣ በተለይም ጡት ከጣሉ በኋላ ክፉ ረኀብ እንደደረሰባቸው የሚያሳዩ አግድም መስመሮች ተገኝተዋል፤ በአጥንታቸው ውስጥ የተገኘው ከፍተኛ የእርሳስ መጠንም ብዙውን ጊዜ በእርሳስ በተሠሩ የማጣሪያ ዕቃዎች ከሚወጣው ሩም የመጣ እንደሆነ ተገምቷል። ከተቀበሩት መካከል አንዱ፣ ምናልባት መድኃኒት ዐዋቂ የነበረ አዛውንት፣ አንገቱ ላይ የዛጎል፣ የውሻ ክራንቻ፣ የዓሣ አከርካሪና የብርጭቆ ዶቃዎች እንዲሁም አንድ ትልቅ ቀይ ድንጋይ የተሰካበት ሐብል ነበረው፤ አብሮትም በጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና፣ ይሠሩ የነበሩትን የሚመስል የሸክላ ፒፓ ተገኝቷል። ምንም ያልነበራቸው ሰዎች ከየትም አሰባስበው ያከበሩትን ሰው በክብር ቀብረውታል። በዚያ መቃብር ውስጥ ከጌታ የመጣ እንክብካቤ ፈልጌ አላገኘሁም።

ጸሐፊው የቤተ ክርስቲያንን ርኅራኄ ለማሳየት የኮድሪንግተንን እርሻ መጥቀሳቸው ደግሞ እጅግ አስገርሞኛል። ክሪስቶፈር ኮድሪንግተን በ1710 ሲሞት ሁለት እርሻዎቹን ወንጌልን በባዕድ አገሮች ለማስፋፋት ለቆመው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ማኅበር ከነሰዎቹ አወረሰ። ማኅበሩም እርሻዎቹን ተረክቦ ሲያስተዳድር፣ በገዛቸው ሰዎች ደረት ላይ «ማኅበር» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ፊደላት በጋለ ብረት እንዲተኮስ ይደረግ ነበር። ሞት ከልደት እየበለጠ ሲያስቸግርም አዳዲስ ሰዎችን ከመርከብ ይገዛ ነበር። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ራሷ በ2006 ስለዚህ ጉዳይ ይቅርታ ጠይቃለች። ቤተ ክርስቲያኒቱ ያፈረችበትን ታሪክ እኛ በአማርኛ የምናወድስበት ምክንያት አይታየኝም።

ለጸሐፊው አንድ ነጥብ ልተውላቸው። ከ18ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ በባርቤዶስ ልደት ከሞት መብለጡና ይህም ከሌሎቹ የስኳር ደሴቶች የተለየ መሆኑ ትክክል ነው። ከአፍሪካ የሚመጣ ሰው ዋጋው ሲንር የእርሻ ባለቤቶች እዚያው የሚወለዱ ልጆች እንደሚያዋጧቸው ተገንዝበው ነበር። ይህ ግን የቀደመውን መቶ ሃምሳ ዓመት ሒሳብ አይሰርዘውም። በደሴቲቱ ወደብ ከመርከብ የወረዱት ምርኮኞች ግማሽ ሚሊዮን ይጠጋሉ፤ የተወሰኑት ወደ ሌሎች ደሴቶች ተሸጠው ሄደዋል። በ1834 በሕይወት የተገኙት በባርነት የተያዙ ሰዎች ሰማንያ ሦስት ሺህ ገደማ ብቻ ነበሩ።

ስለ አየርላንዳውያን የተነሣው ነጥብ ብዙ አያቆየንም። በ1650ዎቹ እንግሊዝን በገዛው በክሮምዌል ዘመን ብዙ አየርላንዳውያን በግድ ወደ ባርቤዶስ መላካቸው፣ በጭካኔ መሠራታቸውና ብዙዎቹም መሞታቸው እውነት ነው፤ በሴንት ጆን ወረዳ የሚኖሩ ድሃ ነጮች የዚያ ዘመን ቅሪቶች ናቸው። በ1640ዎቹ መጨረሻ በደሴቲቱ የኖረው እንግሊዛዊ ሪቻርድ ሊገን የውል አገልጋዮቹ፣ ማለትም ለተወሰነ ዓመት በውል ታስረው የሚሠሩት ነጮች፣ ከአፍሪካውያኑ የባሰ እንደሚንገላቱ ጽፏል፤ ጸሐፊው የተመረኮዙትም በዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ሊገን ምክንያቱንም አብሮ ነግሮናል፦ አገልጋዩ የጌታው የሚሆነው ለአምስት ዓመት ብቻ ሲሆን አፍሪካዊው ግን ከነዘሩ ለዘላለም ነው። በ1661 ያ ምክር ቤት ስለ ውል አገልጋዮችም የተለየ ሕግ ሲያወጣ በፍርድ ቤት የመዳኘት መብት ሰጥቷቸዋል። ሁለቱን ወገኖች ለይቶ ያስቀመጠው ራሱ ሕግ አውጪው ነው።

«ባርነትን ያስቀረችው እንግሊዝ ናት» የሚለው አባባል ደግሞ ባሮቹ ራሳቸው ያደረጉትን ይረሳል። በሚያዝያ 1816፣ በፋሲካ እሑድ ምሽት፣ በሴንት ፊሊፕ ወረዳ በቤይሊ እርሻ በቡሳ መሪነት ታላቅ አመፅ ተነሣ። በሲሞንስ እርሻ ትኖር የነበረችው ናኒ ግሪግ፣ እንግሊዝ ነፃ ልታወጣችሁ ስትል ጌቶቻችሁ ከለከሉ፣ ስለዚህ መታገል አለባችሁ እያለች ታስተምር እንደነበር በምርመራው ላይ ተመስክሯል። የደሴቲቱ የአገዳ ማሳ ሩብ ያህሉ ነደደ። አመፁን በጥቂት ቀናት ውስጥ የደመሰሰው የእንግሊዝ ጦር ነው፤ በጦርነቱና በግድያው ያለቁት በመቶዎች ይቆጠራሉ። በ1823 በዴሜራራ (በዛሬዋ ጉያና)፣ በ1831 መጨረሻ ደግሞ በጃማይካ የተነሡት አመፆች ሲጨመሩ ለንደን ውስጥ የነበረው ክርክር መልኩ ተለወጠ። በእንግሊዝ የነበሩ የባርነት ተቃዋሚዎችን ድካም አላሳንስም፤ የነሱ ድምፅ ሰሚ ያገኘው ግን ደሴቶቹ እየነደዱ መሆናቸው ሲታወቅ ነው።

ነፃነቱም ቢሆን እንዴት እንደተሰጠ ልብ እንበል። ሕጉ ነሐሴ 1 ቀን 1834 ሲጸና ሰዎቹ «ተለማማጅ» ተባሉና በሳምንት እስከ አርባ አምስት ሰዓት ያለ ደመወዝ ለቀድሞ ጌቶቻቸው እንዲሠሩ ተገደዱ። አገዳ ሲቆርጥ የጎለመሰ ሰው አገዳ መቁረጥን «እንዲለማመድ» መታዘዙ ነው። ይህ ያበቃው በ1838 ነው። ከዚያ በኋላ «ሁሉም የራሱን ኑሮ መሠረተ» የሚለው የጽሑፉ ዓረፍተ ነገር የደሴቲቱን ስፋት ሳያስቡ የተጻፈ ይመስላል። ባርቤዶስ 431 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ናት። ጃማይካ ውስጥ ነፃ የወጣው ሰው ወደ ተራራ ወጥቶ ባዶ መሬት ይይዝ ነበር፤ ባርቤዶስ ውስጥ መሬቱ ሁሉ ባለቤት ነበረው፣ ባለቤቱም ያው የቀድሞ ጌታ ነው። በ1840 ገደማ በጸናው የጌታና የአገልጋይ ሕግ መሠረት በእርሻው ላይ ጎጆ ያለው ሰው ለዚያ እርሻ መሥራት ነበረበት፤ ካልሠራ ይባረራል። ዛሬ ቱሪስቶች ቆመው ፎቶ የሚነሡባቸው በቀለም ያጌጡ ትናንሽ የእንጨት ቤቶች የተፈጠሩት ከዚህ ነው። ቤቱ መሠረት የለውም፤ በተደረደሩ ድንጋዮች ላይ ብቻ ይቀመጣል። ሰውየው ሲባረር ሳንቃዎቹን ፈታትቶ በጋሪ ጭኖ ሌላ እርሻ ዳር ይተክለዋል። ጽሑፉ «የቅኝ ግዛት ዘመን የሕንፃ ጥበብ» ብሎ ያደነቀው ይህንኑ ቤት ነው። ጥበቡን አብሬ አደንቃለሁ፤ የመፈናቀል ስጋት ያስተማረው ጥበብ መሆኑ ግን አብሮ ይነገር። እነዚህ የእርሻ ነዋሪዎች ለትውልዶች የኖሩበትን ቁራሽ መሬት አንዱን ካሬ ጫማ በአሥር ሳንቲም የመግዛት መብት ያገኙት በ1980፣ ነፃዪቱ ባርቤዶስ ባወጣችው ሕግ ነው።

ወደ ምክር ቤቱና ወደ ትምህርት ቤቱ የመመለስ ዕዳ አለብኝ። ዝነኛው ሃሪሰን ኮሌጅ በ1733 ሲቋቋም የታሰበው ለድሃ ነጭ ልጆች ነበር። ነፃ ጥቁሮችና ክልሶች ከነጮች ጋር በሕግ የተስተካከለ የፖለቲካ መብት ያገኙት በ1831 ሲሆን፣ ሳሙኤል ጃክማን ፕሬስኮድ ከእነሱ ወገን የመጀመሪያው የምክር ቤት አባል የሆነው በ1843 ነው። ከዚያም በኋላ ምርጫው በንብረት የተገደበ ስለነበር የአገዳ ሠራተኛው ለመቶ ዓመት ያህል ደጅ ቀረ። በሐምሌ 1937 ሠራተኛውን በስብሰባ ያደራጅ የነበረው ክሌመንት ፔይን ከደሴቲቱ ሲባረር ብሪጅታውን በቁጣ ተነሣች፤ ፖሊስ ተኩሶ አሥራ አራት ሰው ገደለ። የሠራተኛ ማኅበራት ሕጋዊ የሆኑት፣ እነ ግራንትሊ አዳምስ ወደ ሥልጣን የመጡት፣ አዋቂ ሁሉ የመረጠበት የመጀመሪያው ምርጫ በ1951 የተካሄደው ከዚህ በኋላ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በነፃ እንዲሰጥ ያደረገው በ1962 የኤሮል ባሮ መንግሥት ነው፤ ነፃነቷም በኅዳር 1966 ተከተለ። ጸሐፊው በባርቤዶስ ያደነቋቸውን ነገሮች እኔም አደንቃለሁ። ከ1937 በፊት ግን አብዛኞቹ በሠራተኛው እጅ አልነበሩም።

ስለ ውለታ ቢስነት የተባለው በሁለት ዓረፍተ ነገር ይመለሳል። ባርቤዶስ የእንግሊዙን የባሕር ኃይል አዛዥ የኔልሰንን ሐውልት ከብሪጅታውን አደባባይ በኅዳር 2020 አንሥታ በዓመቱ ሪፐብሊክ ስትሆን፣ በሥነ ሥርዓቱ ላይ የተገኙት ልዑል ቻርልስ ራሳቸው ባርነቱን ታሪክን ለዘላለም የሚያጎድፍ አስከፊ ግፍ ብለውታል። የዘውዱ ወራሽ ያላሉትን «ውለታ» እኛ የምንቆጥርላቸው በምን ዕዳ ነው?

ኢትዮጵያን በሚመለከተው መደምደሚያ ላይ አንድ ሰው ላስታውስ። በ1877 በብሪጅታውን የተወለደው ሙዚቀኛና የሃይማኖት ሰው አርኖልድ ፎርድ የጥቁሮች መብት ታጋዩን የማርከስ ጋርቬይን ንቅናቄ መዝሙር በኢትዮጵያ ስም የደረሰ ነው። በ1930 ገደማ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በ1935 እዚያው አረፈ። ባለቤቱ ሚኞን ፎርድ በጣሊያን ወረራ ዘመን እዚያው ቆይተው በኋላ የልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤትን መሥርተዋል፤ የብዙ አዲስ አበቤዎች መምህር ነበሩ። እነዚህ የእንግሊዝ ዜጎች «ትንሿ እንግሊዝ» የምትባለውን ደሴት ትተው ቅኝ ወዳልተገዛች አገር ሲመጡ የሚያውቁትን ከማያውቁት አመዛዝነው ነው። ጸሐፊው ተገላቢጦሹን ሲመኙ ቢያንስ የነሱን ምስክርነት ሊሰሙ ይገባ ነበር።

በመጨረሻ የካሳው ጉዳይ። ጽሑፉ የካሪቢያን መንግሥታት ከ2013 ጀምሮ በጋራ ያቀረቡትን ጥያቄ «ልመና» ይለዋል። ካሳ ግን አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ የእንግሊዝ ፓርላማ በ1833 ሃያ ሚሊዮን ፓውንድ መድቧል፣ ይህም ከመንግሥቱ ዓመታዊ ወጪ አርባ በመቶ ያህሉ ነው። የተከፈለው ለባለቤቶቹ ነው፤ ነፃ ለወጡት አንድ ሳንቲም አልደረሳቸውም። ለዚህ የተወሰደው ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ስለሆነ፣ ከባርቤዶስ ሄደው በእንግሊዝ ግብር የከፈሉ የባሮች የልጅ ልጆች ሳይቀሩ አዋጥተዋል። በሴንት ጆርጅ ወረዳ የሚገኘው ድራክስ ሆል በ17ኛው መቶ ዘመን ስኳርን ካስፋፉት አንዱ በሆነው በጄምስ ድራክስ የተመሠረተ እርሻ ነው። በ1836 የቤተሰቡ ወራሽ በዚያ እርሻ ስለነበሩ 189 ሰዎች 4,293 ፓውንድ ተቀብሏል፤ እርሻው እስከ ዘመናችን ከዚያው ቤተሰብ አልወጣም። በ2024 የባርቤዶስ መንግሥት ከዚህ መሬት ከፊሉን ለመኖሪያ ቤት ግንባታ በገበያ ዋጋ ሊገዛ አስቦ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ለዚያ ቤተሰብ ዳግመኛ ገንዘብ አይከፈልም ብሎ ስለተቃወመ ጠቅላይ ሚኒስትር ሚያ ሞትሊ በሚያዝያ ወር ግዢውን አስቆሙት። ጸሐፊው «ልመና» የሚለውን ቃል ከመድገማቸው በፊት በዚህ ግዢ ማን ለማን ሊከፍል እንደነበር እንደገና ይመልከቱት።